ጣናን ቀስ ብሎ ማየት፦ ደሴቶቹንና መንደሮቹን በታንኳና በጀልባ ለመጎብኘት

ብዙ ሰው ጣናን የሚያየው በግማሽ ቀን ነው። ጠዋት ከባሕር ዳር ሞተር ጀልባ ይይዛል። ዘጌ ይወርዳል፣ አንድ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለምሳ ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነበር። ከዚያ ጉዞ ትዝ የሚለኝ የሞተሩ ጩኸት ነው።

ሌላ ጊዜ አንድ አባት በደንገል ታንኳ አሻገሩኝ። መንገዱ አጭር ነበር፤ ግን ውሃው ከመቀመጫዬ ሥር ሲንሿሿ ይሰማኛል። ከጎናችን ጌሾ የጫነ ታንኳ ያልፋል፤ ቀዛፊዎቹ ሳይቆሙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የታመመ ሰው ጤና ይጠያየቃሉ። ሐይቁ ለእነሱ መንገድ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ይህን የምጽፈው እናንተም ያንን መንገድ እንድትሄዱበት ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን ያዙ። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ደሴቶቹን ቀንሱ እንጂ አትሩጡ።

መጀመሪያ፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ

ከሁሉ በፊት ይሄ ይቅደም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ጉዞን ከባድ አድርጎታል። አንድ ቦታ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የሚኖር የምታውቁት ሰው ጋ ደውሉ። ዘመድ ከሌላችሁ ልታርፉበት ያሰባችሁትን ሆቴል ጠይቁ። ከደረሳችሁ በኋላም በየጠዋቱ የጀልባ ሰዎችን ጠይቁ። የትኛው መንደር ጋ መውረድ እንደሚቻል፣ የትኛው ጋ እንደማይቻል ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «ዛሬ ይቅር» ካሉ ይቅር። ገዳማቱ ብዙ መቶ ዓመት ቆመዋል፤ ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ።

ከውጭ አገር የምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የመመለሻ በረራችሁን ከሐይቁ ጉዞ ማግስት አታድርጉት። በመሐል አንድ ሁለት ትርፍ ቀን ይኑር።

ወቅትና ሰዓት

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው። በዚያ ጊዜ ወንዞቹ፣ ማለትም ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፣ ደለል ይዘው ይገባሉ። ውሃው ይደፈርሳል፣ ጭቃው ያስቸግራል። ለእኔ ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ሐይቁ ሞልቷል፣ ዳርቻው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም አለ። ጥርም ጥሩ ነው፤ ጥምቀትን ባሕር ዳር ወይም ጎንደር አክብራችሁ ወደ ውሃው ትወርዳላችሁ። ክብረ በዓል የምትወዱ ከሆነ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትነግሣለች። ሥላሴ ደግሞ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ይውላል፤ በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ለማየት ላሰበ ሰው ጥሩ ቀን ነው። በዓል ላይ ሰዉ ብዙ፣ ጀልባውም ውድ መሆኑን ግን እወቁ።

ከወቅቱ የበለጠ የሚወስነው ሰዓቱ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት የተኛ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሞገዱም አብሮ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር 84 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ውሃ ሆኖ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ በነፋስ ቶሎ ይቆጣል። አንድ ጊዜ ከደቅ ስንመለስ ጀልባ ነጂው ምሳው ላይ ቆየብን፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ተነሳን። መንገዱን ሙሉ ውሃ በፊታችን ላይ እየተረጨ፣ ልጆች እያለቀሱ ገባን። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ውስጥ መሆን፣ ሩቅ ከሄድኩ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሐይቁን መሐል አለመሻገር።

የምትሳፈሩበትን እወቁ

በጣና ላይ ሦስት ዓይነት መጓጓዣ አለ። ሦስቱንም በየቦታቸው ተጠቀሙ።

ታንኳ የሁሉም ታላቅ ናት። የምትሠራው ከደንገል ነው፤ ጥንት ግብፆች ወረቀት ይሠሩበት የነበረው ተክል ማለት ነው። ደንገሉ በማጭድ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በነዶ በነዶ ተደርጎ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀናል። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ሰውና ዕቃ ከውሃው ከፍ የሚለው በእሱ ነው። ምስማር የላትም፣ ሳንቃ የላትም። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ ግራ ቀኝ እያለ ይቀዝፋል። በግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሳሉትን የደንገል ጀልባዎች ያየ ሰው ዘመድነቷን ወዲያው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነበር።

ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ብትቆይ ነው። ለዚህ ነው ዳር ዳሩን ታንኳዎች ተገትረው ፀሐይ ሲሞቁ የምታዩት። ባለቤቶቻቸው እያደረቋቸው ነው። አንዷ ስታረጅ ሌላ ይታሰራል።

የዚህ ሙያ ባለቤቶች የሚባሉት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ ጥንት ጉማሬ አዳኝ የነበሩ፣ ከደንገል ታንኳና ስፌት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ለብዙ ዘመን ሲገፉና ሲናቁ ኖረዋል። መሬት የሌላቸው ብዙ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ዳርቻው እየታረሰና እየታጠረ ደንገሉ ራሱ እየሸሸባቸው ነው። ስለዚህ ታንኳ የሚያስር ሰው ቤት ስትሄዱ ለፎቶ ብቻ አትሂዱ። ቁጭ በሉ፣ ሥራውን እዩ፣ ስፌት ካለ ግዙ። በትልልቆቹ ሱቆች የምታዩት ትንሿ የታንኳ ቅርጽ ከእነሱ እጅ ስትገዟት ዋጋው ለሠራው ሰው ይደርሳል።

ሁለተኛው ሞተር ጀልባ ነው። ለዘጌና ለሩቆቹ ደሴቶች ይሄ ይሻላል። ጣራ ያለው ምረጡ፤ በጣና ላይ ፀሐይ ከላይም ከውሃውም ነው የምትመታው።

ሦስተኛው የሕዝብ መርከብ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በጣና ላይ የሞተር ጀልባ ያሠሩ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት አሮጌ መርከቦች ከባሕር ዳር እየተነሱ፣ ደቅንና የምዕራቡን ዳርቻ መንደሮች እየነኩ፣ ቁንዝላ ላይ አድረው በማግስቱ በሐይቁ ሰሜን ጫፍ ያለችው ጎርጎራ ይገቡ ነበር። በሳምንት አንዴ። እህል፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ሙሽራ፣ ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ለመንደሮቹ ገበያውም፣ ፖስታውም፣ ሐኪም ቤት መሄጃውም መርከቡ ነበር። የዛሬውን ፕሮግራም ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ሄዳችሁ በአካል ጠይቁ፤ ስልክ ላይ የሚነገረውን አትመኑ። መርከቡ የሚሄድበት ሳምንት ከሆነ ሌላውን ዕቅድ ሁሉ በእሱ ዙሪያ አድርጉት።

ከጀልባ ሰው ጋር መነጋገር

ዋጋ ከመሳፈር በፊት ነው የሚያልቀው። ባሕር ዳር ላይ ጀልባዎች በማኅበር የተደራጁ ናቸው። መንገድ ላይ እጃችሁን ከሚይዝ ደላላ ይልቅ ወደ ወደቡ ሂዱና ከማኅበሩ ጋር ተነጋገሩ።

ስትስማሙ እነዚህን በግልጽ ተናገሩ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ስንት ቦታ ይቆማል? ጀልባው ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ነዳጁ በዋጋው ውስጥ ነው? ሞተሩ ቢበላሽ ማን ይመጣል? በየገዳሙ የሚከፈለው የመግቢያ ገንዘብ ለብቻው ነው፤ በጀልባው ዋጋ ውስጥ አይገባም። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ ይለያያል። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን እዚያ ቆማችሁ ከመከራከር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዚያ አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ላይፍ ጃኬት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። ለልጅ የልጅ ልክ። «አለ» ሲሏችሁ አታምኑ፤ አውጥተው ያሳዩአችሁ። አንድ ጀልባ ላይ ጠይቄ ለስምንት ሰው ሦስት አሳዩኝ። ወርጄ ሌላ ጀልባ ያዝኩ። እንዲህ ስታደርጉ ሰዉ ሊቀየማችሁ ይችላል፤ ይቀየም።

የምትይዙት

ነጠላ ወይም ጋቢ፣ ለወንድም ለሴትም። ጠዋት ይበርዳል፣ ቤተ ክርስቲያንም ያስፈልጋል። ቶሎ የሚወልቅ ጫማ። ኮፍያ። በየገዳሙ የሚከፈል ዝርዝር ብር፣ ምክንያቱም ደሴት ላይ የሚመነዝር የለም። ቆሎና በሶ ያዙ፤ ረሀብ ሲመጣ በሶ በጥብጦ የመጠጣትን ያህል ጀልባ ላይ የሚስማማ ነገር አላውቅም። የመጠጥ ውሃ በዛ አድርጋችሁ ያዙ፣ ባዶ ፕላስቲኩን ግን ይዛችሁ ተመለሱ። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉት። ማታ ማታ ትንኝ አለ፤ አካባቢው ወባማ ስለሆነ የትንኝ ቅባት አትርሱ። ውሃው ውስጥ ግን አትዋኙ፣ እግራችሁንም ዳር ላይ አትዘፍዝፉ። ቢልሃርዚያ አለ።

አንደኛ ቀን፦ ደብረ ማርያምና የአባይ መውጫ፣ በታንኳ

መጀመሪያውን ቀን ቅርብ ሁኑ። ደብረ ማርያም አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያለች ደሴት ናት። የመንደሩ ሰዎች ወደ ከተማ የሚመላለሱት በታንኳና በጀልባ ነው። እናንተም ከእነሱ ጋር ተሻገሩ።

ስትሳፈሩ እንዲህ አድርጉ። ቀዛፊው እስኪጠራችሁ ጠብቁ። አንድ እግራችሁን መሐል ለመሐል አስገቡና ሳትቆሙ ወዲያው ተቀመጡ። እግራችሁን ዘርጉ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ክብደታችሁ ከፊትና ከኋላ እንዲመጣጠን ቀዛፊው ይነግራችኋል፤ የሚለውን ስሙ። ከሥር ውሃ ሲገባ ታያላችሁ። አትደንግጡ፤ ታንኳ ውሃ ታስገባለች። የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው። ታንኳ የምትገለበጠው ሰው ሲነሳባት ነው። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ አትነሱ።

በአባይ መውጫ በኩል ጉማሬ አለ። ጠዋት ማለዳና ወደ ማታ ጆሯቸውና ዓይናቸው ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል። በታንኳ ሆናችሁ «ትንሽ እንጠጋ» አትበሉ። ጉማሬ ለማየት ከፈለጋችሁ በሞተር ጀልባ፣ ራቅ ብላችሁ፣ ሞተሩ ዝግ ብሎ ይሁን።

ደሴቷ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ከሳማችሁ በኋላ መንደሩን በእግር ዙሩ። ሰላምታ አስቀድሙ። መነኩሴን «አባ»፣ መነኩሲትን «እማሆይ» በሉ፤ ካህንን «መምሬ» ማለት በዚያ አገር የተለመደ ነው። «እንደምን አደራችሁ» ብላችሁ ካልጀመራችሁ ሌላው ጥያቄያችሁ ሁሉ ጥድፊያ ይመስላል። ቡና ከቀረበ ቁጭ በሉ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው ወሬ የሚመጣው።

ማታ ባሕር ዳር ተመልሳችሁ ዓሣ ብሉ። ቆሮሶ የተጠበሰ፣ ሎሚ የተጨመቀበት። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከደርዘን በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ምክንያቱ ጢስ ዐባይ ነው። ፏፏቴው ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ የሐይቁ ዓሣ ለብቻው ኖሮ ለብቻው ተለያየ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ሰዉ አይስማማም፤ በዓቢይ ጾም ከሄዳችሁ አብሯችሁ የተቀመጠውን ሰው አይታችሁ እዘዙ።

ሁለተኛ ቀን፦ ዘጌ

ዘጌ ሙሉ ቀን ይገባዋል። ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ የምወደው ቦታ ስለሆነ ይሆናል።

ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ከየብስ ተያይዞ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በዝግታ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ጫካ ነው። በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ሲራቆት ዘጌ ለምን ጫካ ሆኖ ቀረ? ሰዉ የሚነግራችሁ የአቡነ በትረ ማርያምን ቃል ኪዳን ነው። ጻድቁ «በሬ ጠምዳችሁ አትረሱ፣ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ትኖራላችሁ» ብለዋል ይባላል። በዚያ ቃል ዘጌ ላይ ሞፈር ሳይገባ ለዘመናት ኖረ። ጫካው ዛሬ የቆመው በዚህ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ፣ የዘጌ ገበሬዎች ያንን ሥራ በቃል ኪዳን ከሠሩት ብዙ ቆይቷል።

ኡራ ወደብ ላይ ውረዱ። ወደ ላይ የሚወጣው ቀጭን መንገድ በቡና መሐል ነው። ልጆችና እናቶች ግራና ቀኝ ስፌት፣ መስቀል፣ ትንንሽ ታንኳ ይሸጣሉ። ስትወጡ «ስመለስ» ካላችሁ ስትመለሱ ግዙ። ቃላችሁን ይጠብቃሉ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ውጪኛው ክብ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ቀጥሎ ቅድስት፤ መሐል ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የቆመው መቅደስ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ አንዴ ዞሮ ይወጣል። እናንተ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ዓይን ዓይናቸውን እዩ። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ፣ ወታደሮቹና አጋንንቱ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይሄን ካወቃችሁ የማታውቁትን ታሪክ እንኳ ማን ማን እንደሆነ ትለያላችሁ። ከዚያ ፈረሰኞቹን ፈልጉ፤ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ መርቆሬዎስ በጥቁር። አንበሳና ነብር ከበዋቸው የቆሙት ጸጉራሙ አባት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ሰው በላ የነበረውን በላዔ ሰብእን ፈልጉት። ያ ሁሉ ኃጢአቱ በአንድ ጥርኝ ውሃ እንዴት እንደቀለለ፣ እመቤታችን ሚዛኑን እንዴት እንዳጋደለችለት ተስሏል። ፍላሽ አታብሩ፣ ግድግዳውን አትንኩ፣ አትደገፉ።

የቅዳሴ ሰዓት አስቡ። በጾም ቀን ቅዳሴ ወደ ቀትር ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው የሚያልቀው። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ጎብኚ መሆን ይቅርና አስቀድሱ፤ ሥዕሉን ከዚያ በኋላ ታዩታላችሁ።

ከኡራ በኋላ አብዛኛው ጎብኚ ወደ ጀልባው ይመለሳል። እናንተ አትመለሱ። ጀልባ ነጂውን በሌላው ወደብ እንዲጠብቃችሁ ንገሩትና በጫካው ውስጥ በእግር ሂዱ። አዝዋ ማርያም አለች። ወረድ ብሎ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና በትረ ማርያም አንድ ግቢ ላይ አሉ፤ ሁሉ የተጀመረበት የጻድቁ ቦታ ይሄ ነው። የመንደሩ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ መንገዱ ይከፋፈላል። ጦጣዎች ከላይ ይከተሏችኋል። ጊዜ ካላችሁ እስከ አፋፍ ዝለቁ፤ የዘጌ ሰው የሚገበያይባት ትንሽ ከተማ ናት። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት በዚህ በዘጌ ነው። በእነዚህ ዛፎች ሥር ስትሄዱ ያ የቋንቋ ሰው ከየት እንደመጣ ማሰብ ደስ ይላል።

ቡና ከገበሬው እጅ ግዙ። ያልተቆላውን። ቤታችሁ ስትቆሉት ዘጌ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛ ቀን፦ ደቅ፣ ናርጋና ዳጋ

ይሄ ሩቅ ነው። በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያዙ፣ መሄጃ ብቻ። ማለዳ ተነሱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ባልና ሚስት ሆናችሁ ወይም ከቤተሰብ ጋር ከሄዳችሁ ሴቶቹ ጀልባ ውስጥ በፀሐይ ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ዕቅዱን አስቀድማችሁ አውጡ። ሁላችሁም ደቅ ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ ጋ ውረዱ። ወንዶቹ ወደ ዳጋ ሲሻገሩ ሴቶቹ ደቅ ላይ መንደሩን ይዙሩ፣ ቡና ይጠጡ። ከክብራን አጠገብ ደግሞ እንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው።

ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ነው። ሰዉ ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ለንግሥት ይሄን ያህል ከቤተ መንግሥት መራቅ ምን ማለት እንደሆነ ቦታው ላይ ሆናችሁ አስቡት። ግቢው የድንጋይ አጥር አለው፣ በሩም ላይ ግንብ አለ። ውስጥ እቴጌይቱ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ከዚያ ሁሉ ሥልጣን ጋር ራሳቸውን ያሳሉት መሬት ላይ ወድቀው ነው። እኔ እዚያ ሥዕል ፊት ረጅም ሰዓት ቆሜያለሁ። በሩ አካባቢ ያለው ቅርጽ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው ይባላል።

ዳጋ ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ነው። ዳገቱ ያደክማል። እላይ በገዳሙ ዕቃ ቤት የነገሥታት አፅም አለ። ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲለደስ ብለው አባቶች አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። ጎንደርን የቆረቆረው ፋሲለደስ ግንቡን ትቶ እዚህ ማረፉ ያስደንቃል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሳለው የእመቤታችን ሥዕልም የዚህ ገዳም ነው። ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። እሺ ካሉ አመስግኑ፣ እንቢ ካሉም አመስግኑ።

እስከ ጎርጎራ መሻገር የምትፈልጉ

ሰሜኑ ሌላ አገር ይመስላል። ዳርቻው ዝቅተኛ፣ ሜዳማ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደምቢያና በፎገራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ሐይቁን ወርሮታል። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ መስክ ነው፤ የሞተሩን መዘውር ሲይዘው ነው ምንነቱ የሚገባችሁ። በዚያ በኩል የማያውቅ ጀልባ ነጂ አትያዙ። ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት የከረሙት ይሄን አረም ነው።

ጎርጎራ ስትገቡ መጀመሪያ ደብረ ሲና ማርያምን እዩ። የአፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳደሰቻት ይነገራል፤ ሥዕሎቿም የሚያስደንቁ ናቸው። በማግስቱ በጀልባ ወደ አሮጌው ጎርጎራ ሂዱ። አፄ ሱስንዮስ ከጎንደር በፊት የከተሙበት ፍርስራሽ እዚያ አለ። የአባይን ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1618 ያየው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ የሞተው በጎርጎራ ነው፣ በ1622። ድንጋዩ በቁጥቋጦ ተውጧል፤ ረጅም ሱሪ ልበሱ።

ማደሪያ በሁለት ዓይነት አለ። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ለከፈለ ሰው ምቹ ነው፤ ከተማዋ ውስጥ ደግሞ ቀለል ያሉ ቤቶች አሉ። ከጎርጎራ ጎንደር በመኪና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በቆላ ድባ በኩል። መኪናዎቹ ጠዋት ስለሚወጡ ማታውኑ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሰዓቱን ጠይቁ፣ ቦታም ያዙ። ከዚያ ወደ ወደቡ ተመለሱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ታንኳዎቻቸውንም ከውሃው አውጥተው ለነገ ያቆሟቸዋል።